«ደግሞ ከፍለን መሬት ላይ ልንተኛ?»

አንዲት አንባቢ የላከችልኝ ደብዳቤ ረጅም ነበር፣ አሳጥሬዋለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀች፣ ከምትኖርበት ከሜሪላንድ ሰፈር ተነስተን «የሲልቨር ስፕሪንጓ» እንበላት።

«ሰላም ነው? ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ። ባለቤቴን የዓሣ ማጥመድ ፍቅር ይዞታል። እስካሁን አንድም ዓሣ ይዞ አያውቅም፣ ዩቲዩብ ላይ ያለውን ግን አይቶ ጨርሷል። አሁን ሁላችንንም ኖርዝ ካሮላይና ኦክራኮክ ወደሚባል ደሴት ወስዶ አምስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሊያስተኛን ነው። ኦገስት 10 ነው የምንነሳው። ሳያማክረኝ ቦታ ይዞ ጨርሷል። ልጆቹ (10 እና 7) በደስታ እንቅልፍ አጥተዋል። አማቴ ከባሕር ዳር መጥተው እኛ ጋር ናቸው፣ 68 ዓመታቸው ነው፣ እሳቸውም ይሄዳሉ ብሏል። ምግቡ፣ ዕቃው፣ ልብሱ ሁሉ የእኔ ሥራ እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ‹ያን ሁሉ አልፈን መጥተን ደግሞ ከፍለን መሬት ላይ ልንተኛ?› ስለው ሳቀብኝ። ጓደኞቼም ‹ለልጆችሽ ስትይ ቻይው፣ ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚዝናናው› ይሉኛል። እኔ ነኝ የማካብደው? (ባሕር ላይ ጥሩ ትዝታ የለኝም። በ19 ዓመቴ ከሶማሊያዋ ቦሳሶ በጀልባ ነው የመን የገባሁት፣ ከዚያ ሁለት ዓመት እዚያው ካራዝ የስደተኞች ካምፕ። መሻገሬን ያውቃል፣ ዝርዝሩን ግን ነግሬው አላውቅም። ለማንኛውም የድሮ ነገር ነው።)»

እህቴ፣ ምንም አላካበድሽም።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስቆመኝ ግን ስለ ድንኳኑ የጻፍሽው አይደለም። በቅንፍ ወርውረሽ ያለፍሻት ነገር ናት። ስለ ምግብና ስለ ዕቃ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል (ቆርጬዋለሁ፣ ይቅርታ)፣ ስለ ባሕሩ አራት ዐረፍተ ነገር፣ እሱንም በቅንፍ፣ እሱንም «የድሮ ነገር ነው» ብለሽ።

እስቲ ቃሉን ራሱን እይው። ካምፕ። ለልጆችሽ ካምፕ ማለት እሳት ዙሪያ ቁጭ ብሎ ማርሽማሎ መጥበስ ነው። ለባልሽ ዩቲዩብ ላይ ያያቸው ጺማም ሰዎች ናቸው። ላንቺ ካምፕ ማለት ካራዝ ነው። ሙቀት፣ አሸዋ፣ ጀሪካን፣ ወረፋ። እዚያ ድንኳን ውስጥ ስትገቢ ፈልገሽ አልገባሽም፣ ስትፈልጊም አልወጣሽም። ስለዚህ «ካምፕ እንሂድ» ሲልሽ እሱ የሚናገረውና አንቺ የምትሰሚው አንድ አይደለም። «ከፍለን መሬት ላይ ልንተኛ» ያልሽው ቀልድ አልነበረም፣ እሱ ግን ቀልድ መስሎት ሳቀ። ምን ያድርግ፣ አልነገርሽውማ።

ሁሉንም ቁጭ አድርገሽ ንገሪው አልልሽም። ዝርዝሩ ያንቺ ነው፣ ለማን መቼ እንደምትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ቀን ማታ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ሦስት ነገር ብቻ ይስማ። አንደኛ፣ ጀልባ ላይ ስወጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሁለተኛ፣ ድንኳን ለእኔ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ሳታማክረኝ መወሰንህ አናዶኛል። በቃ። «ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?» ሊል ይችላል። «አሁን ነገርኩህ» በይውና ዝም በይ። ደግሞ ይሄ ነገር ሌሊት እየቀሰቀሰሽ ከሆነ፣ ወይም ልጆቹ ስለ ባሕር ባወሩ ቁጥር ልብሽ የሚመታ ከሆነ፣ ለሐኪምሽ ንገሪያት፤ የሚያነጋግርሽ ባለሙያ ጋ ትልክሻለች። ያ ከዚህ ጉዞ ጋር አይያያዝም፣ ሄድሽም ቀረሽም።

አሁን ወደ ጉዞው። መሄዱን አልቃወምም፣ እንዲያውም ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ግን ባልሽ ባሰበው መንገድ አይደለም።

መጀመሪያ ቦታው ይቀየር። ኦክራኮክ ድልድይ የለውም። መኪናሽን ፌሪ ላይ ጭነሽ፣ ከሃተራስ ደሴት ጫፍ ተነስተሽ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ባሕር ላይ ነሽ። ይሄ አጭሩ መስመር ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃሉ። ደብዳቤሽ ላይ ፌሪ የሚል ቃል አንድም ቦታ አላየሁም። ወይ አልነገረሽም፣ ወይ ነግሮሽ ማሰብ አልፈለግሽም። ሁለቱም ይገባኛል። ደሴቱ ቆንጆ ነው፣ ሄጄበታለሁ፤ ብላክቢርድ የሚሉት የባሕር ወንበዴ በ1718 የተገደለው እዚያው አጠገብ ነው፣ ልጆቹ ይሄን ከባልሽ ሰምተው ይሆናል ያበዱት። ግን ለእረፍት ተብሎ ሰው የማይችለውን አይችልም።

ከፌሪው መነሻ ወዲህ ያለው ሃተራስ ደሴት ግን በድልድይ ይገባል። አሸዋው ያው ነው፣ ውቅያኖሱ ያው ነው፣ ዓሣውም ፌሪ አይሳፈርም። እዚያ ፍሪስኮ የሚባል የብሔራዊ ፓርኩ የድንኳን ቦታ አለ። የአሸዋ ኮረብታዎች መሃል ነው፣ ከአንዳንዱ ከፍ ያለ ቦታ ባሕሩ ይታያል። ባልሽ ኦክራኮክን የያዘበት ሬክሪየሽን ዶት ገቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው ይሄም የሚያዘው፤ የድሮውን ሰርዞ ይሄንን ይያዝ። ሲሰረዝ ትንሽ ገንዘብ ይቆረጥበታል። ይቆረጥ፣ ሳያማክር የያዘበት ዋጋ ነው።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ። ከእናንተ ሰፈር ከስድስት ሰዓት በላይ መንዳት ነው፣ እና ቨርጂኒያ ውስጥ ሃምፕተን ሮድስ የሚባለው ቦታ ላይ ዋናው መንገድ ከባሕር በታች ባለ ዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አርብ ከሰዓት ደግሞ እዚያ መኪና አይንቀሳቀስም። ከባሕር በታች ተቀርቅሮ መቆም ላንቺ አይሆንም። ወይ ዞሮ የሚሄደውን መንገድ ያዙ፣ ወይ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ። ድንገት ከምትደርሺበት አውቀሽው ብትደርሺ ይሻላል።

ቀጥሎ ጊዜው። ኦገስት 10? ባልሽ የቀን መቁጠሪያ አይቷል? ፍልሰታ እኮ ነው! ነሐሴ 1 ገብቶ 16 ነው የሚፈታው፣ በፈረንጁ ከኦገስት 7 እስከ 22። አማትሽ ከባሕር ዳር መጥተው፣ የፍልሰታን ቅዳሴ ትተው፣ አሸዋ ላይ ቁጭ ብለው ልጃቸው ዓሣ ሲጠብስ ሊያዩለት ነው? ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ አንዱ ቤት ይበላል ሌላው ቤት አይነካም። ክርክሩ ግን አምስት ቀን ሙሉ በአንድ ድንኳን ውስጥ ቢከፈት የሚሰማው ያንቺ ጆሮ ነው። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ እስከ ነሐሴ ያለው ከሦስት ሳምንት በላይ ጊዜ ለጾሙ ይመቻል፣ ለሰውነት ግን አይመችም፤ ድንኳኑ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ምድጃ ነው፣ ንፋስ ከቆመ ደግሞ ትንኙ ልብስ አልፎ ነው የሚነክስ።

እኔ ብሆን ኦክቶበርን ነው የምመርጠው። ኮለምበስ ዴይ የሚሉት ሰኞ አለ፣ የወሩ ሁለተኛው ሰኞ። ልጆቹ አርብን፣ ሰኞም ትምህርት ካላቸው ሰኞን ቢቀሩ አራት ቀን ይሆንላችኋል። ሦስት ሌሊት ይበቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ሌሊት የሚያቅድ ሰው ወይ ልምድ የለውም ወይ ዕቃ የሚያጥበው ሌላ ሰው ነው። ጊዜው ወደ ጥቅምት 1 አካባቢ ነው፣ ጽጌም ቢሆን የፈቃድ ጾም ነው። ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ሌሊቱ ጋቢ ይፈልጋል፣ ትንኙ ይቀንሳል። ዓሣውም የሚበዛው ያኔ ነው፤ ይሄን ስትነግሪው ባልሽ ራሱ ኦገስትን ይረሳዋል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? እናንተ ባለ አጥንቱን ዓሣ ብሉ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ግን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው፣ ይሄን አልደብቅሽም። ደሴቱ ላይ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ማዕበል ሲነሳ ውሃ ወጥቶበት ይዘጋል። ሮዳንቴ በሚባለው ሰፈር ከ2020 ወዲህ ባሕሩ የበላቸው ቤቶች አሉ፣ ቆመው የነበሩ፣ ሰው ሲከራያቸው የኖሩ ቤቶች። ስለዚህ ከመነሳታችሁ ሦስት ቀን በፊት ትንበያውን እዩ። መጥፎ ከሆነ ሰርዛችሁ ቤት ቅሩ። «ከፍለንበታል» የሚል ክርክር አያስፈልግም። በዚያው ሰፈር በኩል ስታልፉ ልጆቹ ባሕሩ ዳር ባዶ እግራቸውን እንዳይሮጡ፣ የፈረሰ ቤት ሚስማር አሸዋ ውስጥ ይቀበራል።

መኝታ። መሬት ላይ አትተኝም። በቃ፣ ይሄ ተወስኗል። ፍሪስኮ አጠገብ በክስተን የሚባል ሰፈር አለ፣ በመኪና አስር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ሞቴሎች አሉት። አንድ ክፍል ላንቺና ለአማትሽ ያዙ። ባልሽና ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ይደሩ። ቀን ቀን አብራችሁ ናችሁ፣ ማታ እሳቱ እስኪጠፋ አብራችሁ ናችሁ፣ ከዚያ አንቺ መኪናሽን አስነስተሽ በር ያለው ክፍል ውስጥ ትገቢያለሽ። ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው። ሁለተኛው ሌሊት ድንኳኑን መሞከር ካማረሽ ታጣፊ አልጋ ይዘርጋልሽ። ካላማረሽ ማንም አይጠይቅሽም፣ ልጆቹም ቢሆኑ። «እማዬ ለምን አትተኛም?» ካሉ «አያታችሁን ብቻቸውን አልተዋቸውም» በይ፣ ውሸትም አይደለም። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚሉሽ ጓደኞችሽ ደግሞ ቅንፏን አላነበቧትም።

ለድንኳኑም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ተዋርጄ የተማርኩት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ እዚያው ዳርቻ ስንሄድ ድንኳናችን አዲስ ነበር። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ካስማ ከመሃል ጣት ትንሽ ረዘም ያለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሣር ላይ ይይዝ ይሆናል፣ አሸዋ ላይ ግን ቅቤ ላይ እንደተሰካ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ንፋሱ ተነሳ። እራት እየበላን ድንኳኑ ተነስቶ ሄደ። ወደቀ አላልኩም፣ ሄደ። ከነ ፍራሹ፣ ከነ ልጄ ፒጃማ፣ እየተንከባለለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ያን ሌሊት አምስት ሰው መኪና ውስጥ አደርን፣ የማን እግር የማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ስለዚህ ክንድ የሚያህል የአሸዋ ካስማ ይገዛ። እሱ ከሌለ የፌስታል ከረጢት አሸዋ ሞልቶ፣ ገመዱን አንገቱ ላይ አስሮ፣ ጉልበት ድረስ ቆፍሮ መቅበር። ቁፋሮውን ልጆቹ ይሠሩታል፣ ከማርሽማሎው በላይ የሚወዱት እሱን ነው። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ እንዳትጠብቁ፣ ማጠላያ ይዛችሁ ሂዱ። ሣሩ ላይ ደግሞ እሾሃም ጭጎጎት አለ፣ ሌሊት ለሽንት በባዶ እግር የወጣ ሰው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

አሁን የፈራሽው፣ ሥራው። ልክ ነሽ፣ ዝም ካልሽ ሁሉም ያንቺ ነው የሚሆነው። እኔም ያኔ ሁለት ድስት ወጥ ሠርቼ፣ እንጀራ በጆንያ ይዤ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ፀሐይዋ ጠልቃ ሳላያት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ይሄን አልደገምኩም። እኛ እኮ የስንቅ ሰዎች ነን! በበቅሎ ሳምንት ይሄድ የነበረ ሰው ምን ይበላ ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። ፍሪጅ አይፈልግ፣ አይበላሽ፣ አይከብድ። ድርቆሽ ካለ ፍርፍር በአስር ደቂቃ ነው፤ አንድ ምጣድ፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ውሃ። ጧት በሶውን በማር አሽታችሁ ለልጆቹ ስጡ። ዳቦ ቆሎው ለመኪናው። ከቤት የሚሄድ ወጥ የለም፣ አለቀ።

የቀረውን ማብሰል የሚሠራው ዓሣ አስጋሪው ነው። የያዘውን አጥቦ፣ ጠብሶ፣ ምጣዱንም ያጥባል። ካልያዘ ደግሞ ከሱቅ ገዝቶ ያመጣል፣ አላመጣም ማለት አይችልም። ከመሄዳችሁ በፊት ይሄ ፍሪጁ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፣ በሁለታችሁ እጅ። አሽሙር ይመስላል፣ ግን አራት ቀን ሙሉ «ያ የት አለ? ያኛውስ?» እየተባልሽ ከምትከርሚ ይሻላል።

የሚቀጥለውን ለራሱ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ፍቅሩ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ። ኖርዝ ካሮላይና 16 ዓመት የሞላው ሁሉ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለእንግዳ የአስር ቀን የሚሸጥ አለ፤ ዘንግ የምትይዝ ከሆነ ሚስትህም እናትህም ያስፈልጋቸዋል፣ ልጆቹ በነጻ ናቸው። ሬድ ድረም የሚሉት፣ ጭራው ሥር ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ አንተ በሕልምህ የምታየው ዓሣ በሰው በቀን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ርዝመቱም ከ18 እስከ 27 ኢንች መሆን አለበት። ከዚያ የበለጠውን ፎቶ ተነስተህ ትለቀዋለህ። በ1984 ከፍሪስኮ ብዙም በማይርቀው አቮን ላይ የተያዘው 94 ፓውንድ ነበር፣ የዓለም ሪከርድ ነው፤ አንተ ግን ልጅህ የምትይዘውን መዳፍ የምታህል ዓሣ አስብ። ጠፍጣፋው ፍላውንደር የሚባለው ደግሞ ወቅቱ አጭር ነው፣ በ2024 ጭራሽ ተዘግቶ ነበር፣ ስለዚህ የዓመቱን ደንብ አይተህ ሂድ። እዚያ ያሉት የማጥመጃ ሱቆች ግባ፣ «ምን እየበላ ነው?» ብለህ ጠይቅ፣ ይነግሩሃል። ትኩስ ሽሪምፕ፣ ትንንሽ መንጠቆ፣ ገመዱን የሚያሰምጥ፣ አሸዋ የሚነክስ ባለ ሹል የእርሳስ ብረት። ሩቅ ለመወርወር አትታገል። ጀማሪ ሁሉ አድማስ ላይ ካልወረወረ ዓሣ የሚይዝ አይመስለውም፣ ብዙው ግን ሞገዱ ከሚሰበርበት ወዲህ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ነው፣ ሃያ እርምጃ ላይ። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ሞክር፣ ቀትር ላይ ተኛ። ብሉፊሽ ከያዝክ ጣትህን አፉ ውስጥ አታስገባ፣ ጥርሱ አይምርም፤ ቶሎ በረዶ ውስጥ ክተተው፣ ሥጋው ቅባት ስላለው ሳይቆይ ይበላል። ሻርክም፣ ስኬት (skate) የሚሉት ባለ ጭራ ጠፍጣፋ ዓሣም ሊመጣልህ ይችላል፣ ሁለቱንም ልቀቅ። እናትህ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን እንደማይበሉ ታውቃለህ፣ ሸርጣንም እንደዛው።

እና ደግሞ፣ ወንድሜ፣ እናትህ ከባሕር ዳር ናቸው። ቆሮሶ ሲገፍፉ፣ ሲሰነጥቁ፣ ሲያጥቡ ያደጉ ሰው ናቸው። አንተ ዩቲዩብ ላይ ቢላ አያያዝ ስታጠና ካዩህ በኋላ ቢላውን ከእጅህ መንጠቃቸው አይቀርም። ይንጠቁህ። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ ሲፍቁት፣ ሆዱን በአንድ ጭረት ሲከፍቱት፣ ልጆችህ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ያንተ ሥራ ያኔ ውሃ ማቀበል ነው።

እሺ፣ እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ውሃው።

የምትፈሪው ሞኝነት አይደለም፣ በተለይ ለልጆቹ። ሰው ሻርክ ይፈራል፣ እዚያ ዳርቻ ሰው የሚወስደው ግን ሪፕ ከረንት የሚሉት ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ነው። ላይ ሲታይ ሞገድ የሌለበት ረጋ ያለ ቦታ ይመስላል፣ እንግዳ «እዚህ ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያ ነው። በኦክቶበር ነፍስ አዳኝ ጠባቂ የለም። ስለዚህ በውቅያኖሱ በኩል የልጆቹ ወሰን ጉልበት ነው፣ ድርድር የለም፣ አንድ ትልቅ ሰው ዘንግ ሳይይዝ ስልክ ሳይነካ እነሱን ብቻ ያያል። ያ ሰው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ በየሰዓቱ ተቀያየሩ። ጅረቱ ከወሰደ ወደ ዳር ቀጥታ መታገል አይደለም፣ መንሳፈፍ፣ ከዚያ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት ነው። ይሄን ልጆቹ ሳሎን ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይለማመዱት፣ ይስቁበታል፣ ግን አይረሱትም።

ደሴቱ ግን ሁለት ጎን አለው። ባልሽ ይሄን አልነገረሽም መሰለኝ፣ ዩቲዩቡ ሁሉ የሚያሳየው የውቅያኖሱን ጎን ነው። በምዕራብ በኩል ፓምሊኮ ሳውንድ የሚባል ውሃ አለ፣ በደሴቶቹና በየብሱ መሃል የተኛ። ሰፊ ነው፣ ማዶው አይታይም፣ ጥልቀቱ ግን ብዙ ቦታ ላይ ሩቅ ሄደሽም ወገብ አይደርስም። ንፋስ ከሌለ ሞገድ የለውም። ሳልቮ የሚባለው ሰፈር ላይ መኪና አቁሞ የሚገባበት ቦታ አለ። አማትሽን መጀመሪያ እዚያ ውሰጃቸው። ለእሳቸው ባሕር ማለት ጣና ነው፣ የከተማቸውም ስም ከሱ ነው የመጣው፣ እና ወደ ማታ ፀሐይዋ በዚያ ውሃ ላይ ስትወርድ የሚሉትን እሰማለሁ ብዬ እገምታለሁ። ልጆቹ የዶሮ አንገት በገመድ አስረው ሸርጣን ይጎትቱ፣ ቆጥረው ይልቀቁት። አንቺም እግርሽን ማስገባት ካሰኘሽ እዚያ ነው። ካላሰኘሽም ዳር ላይ ወንበር አለሽ።

ፌሪውን ልጆቹ ከለመኑ ባልሽ አንድ ቀን ይውሰዳቸው፣ ጧት ሄደው ከሰዓት ይመለሳሉ። ኦክራኮክ ላይ ፓርኩ በአጥር የሚጠብቃቸው የደሴቱ ፈረሶች አሉ፣ እነሱን አይተው ይምጡ። አንቺና አማትሽ በክስተን ቅሩ። የሃተራስ የመብራት ማማ እዚያው ነው፣ ጥቁርና ነጭ ጠመዝማዛ ያለው፤ ባሕሩ እየቀረበ ሲመጣበት በ1999 ያን የሚያህል የጡብ ማማ ሳይፈርስ 2,900 ጫማ ወደ ውስጥ ገፍተው አስቀምጠውታል። ሥሩ ቁጭ ብላችሁ ቆሎ ብሉ።

ደግሞ ከኦክቶበር በፊት አንድ ሌሊት ጓሯችሁ ውስጥ፣ ወይም ቤታችሁ አጠገብ ባለ ፓርክ፣ ድንኳኑን ትከሉት። ምን እንደጎደለ የሚታወቀው ያኔ ነው። አንቺም ውስጡ አስር ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ዚፑን ከውስጥ ከፍተሽ ዝጊው። ካስጠላሽ ትወጫለሽ፣ ቤትሽ ሃያ እርምጃ ነው፣ እና ለባልሽ ማስረዳት የምትፈልጊውን ነገር ግማሹን እሱ ራሱ ያየዋል።

የባሕር ዳር እሳት በፓርኩ ፈቃድ ነው፣ ፈቃዱ በነጻ ነው፤ የት የት እንደሚቻል ስታወጡ ይነግሯችኋል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን አይቻልም። ቡናውን እሳቱ ላይ እንዳትሞክሪው፣ አሸዋ ነው የምትጠጪው። ትንሿን የጋዝ ምድጃ ያዢ። ጀበናዋን በሁለት ፎጣ ጠቅልለሽ ልብስ መሃል አስገቢያት፣ ቆሎውንና ስኒውን በአንድ ሳጥን። ንፋሱ ምድጃውን እያጠፋ ያስቸግርሻል፤ እኔ መጨረሻ ላይ የመኪናውን የኋላና የፊት በር ከፍቼ፣ በሁለቱ በሮች መሃል ቁጭ ብዬ፣ ጋቢዬን ከላይ ጥዬበት ነው ያፈላሁት። አቦሉ ትንሽ አሸዋ ነበረው። ቶናው ግን ንጹህ ወጣ።